ሙሽራዋ ጠይም ናት ያልኩበት ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ እንግዳ ነበረብኝና ቤድፎርድ ካለ አንድ ገበያ ዓሣ ልገዛ ተሰልፌ ነበር። ሻጩ በረዶውን በአካፋ ገለጥ ሲያደርገው ሽታው ፊቴን መታኝ። ዓሣ ብቻ አልሸተተኝም፤ እርጥብ ገመድ፣ ጨውና ናፍጣም ሸተተኝ። እንዲህ ያለ ሽታ ከባሕር በዚህ ሁሉ ርቀት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ምናልባት ከእኔው አፍንጫ ነው የመጣው። ተራዬ ደርሶ ነበር። ምንም ሳልገዛ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። እንግዶቼም የዚያን ቀን ዶሮ በሉ።

ክረምት ነበር። እዚህ ቴክሳስ ክረምት የምንለው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው እንጂ ዝናብስ የለም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጋርላንድ ውስጥ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ባለ አፓርትመንት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አባዬ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ቫን ይነዳል፤ እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። የሳሎኑ ሶፋ ደግሞ የቢኒ ነበር።

ቢኒ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። ዲቪ ደርሶት ሲመጣ እኛ ጋ አረፈና ሁለት ዓመት ሶፋው ላይ ኖረ። እናታቸው የሞቱት እሱ ገና ዳዴ ሲል ስለሆነ ያሳደገችው እማዬ ናት። "በጀርባዬ ነው ያሳደግኩት" ትላለች ለሰው ሁሉ። እኔ እማዬን ወገቧን የሚያማት በቢኒ ክብደት ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንደውም "ለምን ይቅርታ አትጠይቃትም?" ብዬዋለሁ። እውነትም ሄዶ ጠየቃት። እሷም ሳቀችና በማማሰያው ትከሻውን መታ አደረገችው።

ቢኒ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ማራገቢያ የለውም። "ይሄ የቴክሳስ ሙቀት ሰው ቀቅሎ ይበላል" ይል ነበር። ጥር ላይ ሰለሞን የሚባል ጓደኛው ከአሜሪካ ሰሜን ጫፍ፣ ከባሕር ዳር ካለች ትንሽ ከተማ ደውሎ የዓሣ ፋብሪካ ሥራ አለ አለው። ቢኒም አንድ ሻንጣ ይዞ ሄደ። የከተማዋን ስም አልጽፈውም። እማዬ ጠርታው አታውቅም፤ እኔም ልማዷን ወስጃለሁ።

ከዚያ ፖስትካርድ ላከልን። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ የእንጨት ቤቶች ኮረብታ ላይ ተደርድረው፣ ከታች ጀልባዎች፣ ጫፉ ላይ ነጭ የመብራት ማማ። እማዬ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ሰው ያለበት ከተማ ነው ብዬ አላመንኩም፤ ለካርድ ተብሎ የተሳለ ነበር የመሰለኝ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይደውላል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ስልኩን በመስኮት ያወጣልኛል።

"ሰማሽ፣ ሳሪ?"

"ቤቢ ነው እንዴ የሚያለቅሰው?"

"ወፎች ናቸው። የዓሣ ሌቦች።"

ሐምሌ ላይ አንድ እሑድ ሳይደውል ቀረ። አባዬ "ስልኩ ባሕር ውስጥ ወደቀበት አሉ፤ ሰለሞን ኮል አድርጎ ነግሮኛል" አላት። ሁለተኛውም እሑድ አልፎ ሄደ።

ሰኞ ከሰዓት፣ እማዬ ሥራ ላይ ሳለች፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሱፍ ለብሰው መጡ። ዋናው ጋሽ ተፈራ ናቸው፣ የቤድፎርዱ። በዚያ ሙቀት ባርኔጣቸውን የማያወልቁ፣ ሃይዌይ ላይ በግራ በኩል ቀስ ብለው እየነዱ ጥሩምባ የሚነፋባቸውን ሁሉ "ቸኳይ" የሚሉ ሰው። አባዬ ካርቱን ከፈተልኝና በረንዳው ላይ በሩን ዘግቶ ከነሱ ጋር ተቀመጠ። እኔ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት በረንዳው ላይ ነው የሚከፈተው፤ ይህንን በቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ያስተዋለ አልነበረም።

"ቅዳሜ ነው" አለ አባዬ። "ቄሱ ከቦስተን ይመጣሉ። ቦታውም ተይዟል።"

"እሷ አሁን ምንም እንዳትሰማ" አሉ ጋሽ ተፈራ። "በወጉ፣ በጠዋት፣ እዚያው ይነገራታል።"

"በአውሮፕላን ብንወስዳትስ?"

"በአውሮፕላን ከሆነ ትጠረጥራለች። በመኪና ከሆነ ሽርሽር ይመስላል። ሚኒቫኔን አመጣለሁ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"

ነገሩ ይህ ነበር፦ ቢኒ ሞቷል። በእረፍት ቀኑ የታመመ ሰው ተክቶ ጀልባ ላይ ወጥቶ ወደቀ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ያገኙት ከስንት ቀን በኋላ ነው። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፣ ሦስት ቀን መንገድ በቀረው ሰው ላይም አይጣልም። አባዬ ያውቃል፣ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፣ ጋርላንድ ያለ ሐበሻ ግማሹ ያውቅ ነበር። የማናውቀው እማዬና እኔ ነበርን።

እኔ ግን ያወቅኩ መሰለኝ። ሚያዝያ ላይ እነዚሁ ሦስት ሰዎች፣ እነዚሁን ሱፎች ለብሰው፣ ልክ እንዲህ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጎረቤታችንን የእትዬ ጥሩወርቅን ልጅ ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ያኔም ልጆች ወደ ውጭ ተባርረናል። ከዚያ አርሊንግተን በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሠርግ ተበላ። እንግዲህ ሽማግሌ፣ ሱፍ፣ ቄስ፣ ቅዳሜ፣ የተያዘ ቦታ፣ ከእህቱ የተደበቀ ነገር። ቢኒ ሊያገባ ነው። ምስጢር እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር መሆኑን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

እማዬ ሽርሽሩን ስትሰማ ደስ አላት። ሁለት ሌሊት ዳቦ ቆሎ ጠበሰች፣ በርበሬና ሽሮ በፕላስቲክ እየደጋገመች ጠቀለለች፣ ስድስት ጥንድ ወፍራም ካልሲ ገዛች። እትዬ ጥሩወርቅ ሊያግዟት መጡ፤ ሲያግዙ ቆይተው በድንገት "ዓይኔን ሽንኩርቱ" ብለው ወጡ። ሽንኩርት አልነበረም። በኋላ የመኪናውን ኋላ ስከፍት ከሻንጣዎቹ ሥር በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለለ የእማዬ ጥቁር ቀሚስ አየሁ። ለሠርጉ በድብቅ የያዙላት ልብስ ነው ብዬ መልሼ ሸፈንኩት፤ ምርጫቸው ግን አልጣመኝም።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ ተነሳን። አርካንሳስን ያለፍነው ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን ነው። አባዬና ጋሽ ተፈራ እየተቀያየሩ ይነዳሉ፤ ጋሽ ተፈራ ሲነዱ የጭነት መኪኖች ሁሉ ያልፉናል። ቴነሲ ውስጥ አደርን። እማዬ መጀመሪያ ላይ ወሬ አላቆመችም ነበር። ከቴነሲ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ዝም አለች።

"ጋሽ ተፈራ" አለቻቸው ሐሙስ ጠዋት፣ ከኋላ ወንበር ሆና። "እርስዎ ባሕር እንዲህ ይወዳሉ?"

"ሐኪሙ የባሕር አየር አዞልኝ ነው፣ ልጄ።"

"የቱ ሐኪም?"

"አዲሱ።"

አባዬ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። እማዬ ካልሲዎቹን ከቦርሳዋ አውጥታ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው፣ መልሳ ጠቀለለቻቸው፣ እንደገና ዘረጋቻቸው። ምሳ ላይ እንጀራውን ነክታ ተወችው። "እስቲ ለሰለሞን ደውልልኝ" አለች። አባዬ "እዚህ ሲግናል የለም" አለ። ስልኩን ሲደብቀው አይቻለሁ፤ እሷም አይታለች። አሁን ሳስበው ወጉ እየሠራ ነበር። ሰው መርዶን የሚችለው እንዲህ ነው፤ ሆዱ አስቀድሞ እየነገረው፣ እየፈራ፣ እየተዘጋጀ። ሽማግሌው አብሮ የሚሄደው ይህን ዝምታ ሊጠብቅ ነው። ወጉ ሳይነካ ቢቀር ኖሮ እማዬ እዚያች ከተማ የምትደርሰው ግማሹን አልቅሳ ነበር።

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ማረፊያ ቆምን። መጸዳጃ ቤት ተከትያት ገባሁ። ፊቷን በውሃ ትታጠባለች፣ ደግማ ትታጠባለች፣ አታቆምም። ከዚያ እያለቀሰች እንደሆነ ገባኝ። ምስጢሩ ደግሞ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

"እማዬ፣ አታልቅሺ። እኔ ሲክሬት አውቃለሁ። ቢኒ ሊያገባ ነው።"

ቧንቧውን ዘጋችው። "ማን አለሽ?"

"ራሴ ሰማሁ። ቅዳሜ ነው። ሽማግሌዎች መጥተው ከአባዬ ጋር ተነጋገሩ። ቄስ ይመጣል ከቦስተን።"

"ቄስ?" አለች። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ እንጂ ዞራ አላየችኝም። ቄስ ለሠርግም ለቀብርም እንደሚመጣ ያን ጊዜ አላውቅም፤ እሷ ታውቃለች። ፊቷ ወደ ሳቅም ወደ ለቅሶም ሳይሄድ መሃል ላይ ቆሞ ነበር። አላመነችኝም ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ጨመርኩበት።

"ፎቶዋን አይቻለሁ፣ የሙሽራዋን። ጸጉሯ ረጅም ነው። ቆንጆ ናት።"

እስከዚያ ድረስ ያልኩት የልጅ ስህተት ነው፣ ማንም ይምረኛል። ይህኛው ግን ውሸት ነው፣ ያውም ከባዶ የፈጠርኩት። እማዬ ወለሉ ላይ በርከክ ብላ ሁለት ጉንጬን ያዘች፤ እጇ እርጥብ ነው።

"ቀይ ናት ጠይም?"

"ጠይም።"

ሳቀች። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። "ይሄ ሌባ" አለች፣ "እኔን ሊደብቀኝ ነው? እሺ፣ እኔም አላወቅኩም እላለሁ። አንቺም ዝም በይ።" ትንሿን ጣቴን በትንሿ ጣቷ ቆለፈች። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም።

ከዚያ ያለው መንገድ ጥሩ ነበር፤ የሚከብደኝም ይኸው ነው። እማዬ አንጎራጎረች። ጋሽ ተፈራን "ባርኔጣዎን ለባሕሩ ሲሉ ያውልቁት እስቲ" እያለች ቀለደችባቸው። ኮነቲከት ውስጥ ነዳጅ ለመቅዳት ስንቆም እኔን ይዛ አጠገቡ ያለ ሱቅ ገባችና ሻርፖቹን ሁሉ አገላበጠች። "ለጠይም ቢጫ ነው" አለችና ቢጫ ሻርፕ ገዛች። አንገቴ ላይ አድርጋ ለካችው። "የሷ አንገት ይበልጣል?" ስትለኝ "ትንሽ" አልኳት።

መኪናው ጋ ስንመለስ አባዬና ጋሽ ተፈራ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመው ነበር።

"ምን ሆና ነው የምትስቀው?" ይላል አባዬ። "እኔ እኮ አልችልም በቃ፣ አሁን ልንገራት።"

"ተዋት፣ ትሳቅ" አሉ ጋሽ ተፈራ። "ነገ ማልቀሷ አይቀርም።"

እትዬ ጥሩወርቅም በልጃቸው ሠርግ እንዴት እንዳለቀሱ ትዝ አለኝ። ሁሉም ነገር ይገጥም ነበር።

አርብ አመሻሽ ላይ ከኮረብታው ስንወርድ ከተማዋ ታየች። ፖስትካርዱ አልዋሸም። ቤቶቹ እነዚያው ናቸው፣ ማማው ነጭ ነው፣ ፀሐይ ውሃው ላይ ተደፍታለች፤ ሰዎች አይስክሬም ይዘው በእንጨት ድልድዩ ላይ ይንሸራሸራሉ። መስኮቱን ስከፍት ያ ሽታ ገባ፤ ዓሣ፣ ገመድ፣ ናፍጣ። ወፎቹም ነበሩ። እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ "ውይ፣ ሲያምር" አለች። "ወንድሜ እዚህ ነው የሚኖረው።" አባዬ መንገድ ዳር ፓርክ አደረገና አፍንጫው ደም በደም ሆነ፤ ከፀሐዩ ነው አለ። ያቺን ከተማ እስከ ዛሬ የምጠላት ስላማረች ነው። ትንሽ እንኳን ማፈር ነበረባት።

ሞቴል ገባን። "ቢኒ ናይት ሺፍት ነው፣ ጠዋት ይመጣል" አላት አባዬ። እሷም እያወቀች እንደማታውቅ ሆና "እሺ" አለችና እኔን ጠቀሰችኝ። ለቢኒ ያመጣችውን ነጭ ሸሚዝ በሞቴሉ ካውያ ተኮሰች። ቢጫውን ሻርፕ አጣጥፋ ትራሷ ሥር አደረገች።

በሩ የተንኳኳው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። አባዬ ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ አልተነሳም። እማዬ ከመተኛቷ በፊት ነበር ነጭ ነጠላዋን ያዘጋጀችው። ጣል አድርጋ፣ ጸጉሯን በእጇ እያስተካከለች ሄዳ ከፈተች። ደጁ ላይ ጋሽ ተፈራ፣ መስቀል የያዙ ቄስ፣ ሰለሞን፣ የማናውቃቸው ሁለት ሴቶች ቆመዋል።

እማዬ እልል አለች።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ጀምራው ነበር። የቄሱ እጅ ከነመስቀሉ አየር ላይ ቀረ። ሰለሞን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መላጣቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። እማዬ ያኔ ሴቶቹን አየቻቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ እጆቿን ያዙ፤ ፊቷን እንዳትነጭ ነው፣ እኔ ግን እንደሌባ የያዟት መስሎኝ "ልቀቋት!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄን ስትሰማ ዞራ ፈለገችኝ። በአልጋውና በግድግዳው መካከል ነበርኩ። አየችኝ። አልተቆጣችም። አንድ ነገር ጠይቃ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር ያየችኝ። ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ኮረብታው ላይ፣ ባሕሩ በሚታይበት ቦታ ቀበሩት። ቄሱ ሲያነቡ ወፎቹ ከላይ ይጮኻሉ፤ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ስልኩን በመስኮት ያወጣ ይመስለኝ ነበር። እማዬ "በጀርባዬ፣ በጀርባዬ" እያለች ወገቧን ትመታለች። ጥቁሩ ቀሚስ ከላስቲኩ ወጥቶ ተጨማድዷል። ካልሲዎቹን ሰለሞን ወሰዳቸው።

የመልሱም መንገድ ሦስት ቀን ፈጀ። ጋርላንድ ደርሰን አባዬ ሻንጣ ሲያራግፍ ሻርፑን አገኘው፤ የዋጋው ወረቀት እንኳን አልተነሳለትም።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ" አለች እማዬ። "ለራሴ ነው የገዛሁት።"

አባዬ ሻርፑን አየ፣ እሷን አየ፣ ሻርፑን መልሶ አጣጠፈው። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር።

ለቅሶ ደራሽ እስከ አርባው አልተቋረጠም። አርሊንግተን፣ ቤድፎርድ፣ ከየቦታው ሥራ ውለው እየመጡ የቢኒ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ውሃ አቀርባለሁ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ጥያቄ አለው፦ "እንዴት ነው የሰማሽው?" እማዬም ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሽርሽር ብለው ወሰዱኝ፣ ዳቦ ቆሎ ጠበስኩለት፣ ካልሲ ገዛሁለት፣ ጋሽ ተፈራ ሐኪም አዞልኝ አሉኝ። እኔ ትሪ ይዤ እጠብቃለሁ። ቴነሲ ስትደርስ ብርጭቆዎቹን መቁጠር እጀምራለሁ። ቀጥሎ ቨርጂኒያ ነው፣ ቀጥሎ መጸዳጃ ቤቱ ነው፣ ቀጥሎ የኔ ስም ነው። እማዬ ግን ከቴነሲ በቀጥታ በሩ ወደተንኳኳበት ጠዋት ትሻገራለች። እልልታውንም አትናገርም። ጋሽ ተፈራም ተቀምጠው እየሰሙ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞራሉ እንጂ አያርሟትም። ደጋግማ በተናገረችው ቁጥር እኔ የሌለሁበት መንገድ እየሆነ ሄደ። ትናገረው፣ ሰው ሁሉ ይስማና ይርገመኝ፣ ከዚያ ይለቀኛል ብዬ እመኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ አንድ ከሰዓት እትዬ ጥሩወርቅ መጡ። ታሪኩን አሥር ጊዜ ሰምተውታል፤ እንደገና ሰሙት። ከዚያ እማዬን ማንም ያልጠየቃትን ጠየቋት።

"ወይንሸትዬ፣ እንደው ሆድሽስ? ይሄን ሁሉ መንገድ ምንም አልነገረሽም?"

እማዬ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

"ነግሮኝ ነበር" አለች። "ቨርጂኒያ ስንደርስ በደንብ ነግሮኝ ነበር። ራሴ ነኝ ዝም ያሰኘሁት፤ ሠርግ ተመኝቼ።"

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሳሪ፣ ለእትዬ ጥሩወርቅ ውሃ አምጪላቸው።"

ውሃው እጄ ላይ ነበር። ሰጠኋቸውና ሌላ ለማምጣት ወደ ኩሽና ሄድኩ።